ማታ የተቀነሰ ንፋስ፣ ጠዋት የተጫነ ዕቃ

ከሥራ ሰዓታችሁ ቆርሳችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ለሞተረኛ ግማሽ ቀን ስንት ብር እንደሆነ ስለማውቅ ስለ ጥንቃቄ በደፈናው አልሰብክም። እኔ ጎማ ስፈታና ስገጥም ነው ያረጀሁት፤ የመጣሁትም ስለ ጎማ ላወራ ነው። ማታ የፊት ጎማ ለማንሳት ተብሎ ንፋሱ የተቀነሰ የኋላ ጎማ፣ ጠዋት እንደዚያው ሆኖ ዕቃ ተጭኖበት እዚህ አፍንጮ በር ዳገት ላይ ይወጣል። ይህ ነው ያስፈራኝ።

ልማዱ የመጣው ስልካችሁ ላይ ከምታዩት ቪዲዮ ነው። በአንድ ጎማ የሚነዱ የትርኢት ሰዎች የኋላ ጎማቸውን አስተንፍሰው 15 ወይም 20 ፒኤስአይ ላይ ያወርዱታል። ምክንያት አላቸው፤ የላላ ጎማ መሬት ላይ ሰፋ ብሎ ስለሚያርፍ ሞተሩ ቀጥ ሲል ወዲህና ወዲያ አይዋልልም። ግን እነሱ ምሳ አያደርሱም፣ ሰው አያፈናጥጡም። ጃፓናዊው ያሱዩኪ ኩዶ እ.ኤ.አ. በ1991 ዓ.ም. በአንድ ጎማ 331 ኪሎ ሜትር ነድቶ የዓለም ክብረ ወሰን ይዞ ነበር። ከዚህ ተነስቶ ደብረ ማርቆስን አልፎ መሄድ ማለት ነው። የነዳው ግን በተዘጋ የመኪና መሞከሪያ ግቢ ውስጥ ነው። እግረኛ የለም፣ «ወራጅ አለ» የሚል ረዳት የለም፣ ድንገት የሚቆም ሚኒባስም የለም።

አሁን ወደ እኛ እንምጣ። ውጭ ከቆሙት ብዙዎቹ ቦክሰርና ቲቪኤስ ናቸው፤ የውስጥ ጎማ ያላቸው። የውስጥ ጎማው ቫልቭ በቸርኬው ቀዳዳ በኩል ወደ ውጭ ይወጣል። በቂ ንፋስ ያለው ጎማ ቸርኬውን አጥብቆ ይይዛል። ንፋሱ ሲያንስ ግን ፍሬን በያዛችሁ፣ ነዳጅ በሰጣችሁ ቁጥር ጎማው ቸርኬው ላይ ጥቂት ጥቂት ይንሸራተታል። የውስጥ ጎማውም አብሮ ይጎተታል። ቫልቩ ቀዳዳው ውስጥ ስለተያዘ መሄጃ የለውም፤ መጀመሪያ ይዘምማል፣ እያደር ከሥሩ ይበጠሳል። ሚስማር እንደወጋው ጎማ ቀስ እያለ አይተነፍስም፤ ባንዴ ባዶ ይሆናል። ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ቁልቁል ስትወርዱ፣ ከኋላ ሳጥን ተጭኖ ይህ ቢደርስ ምን እንደሚሆን እናንተ ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ።

ቀድሞ ማወቅ ይቻላል። ጎንበስ ብላችሁ ቫልቩን እዩት፤ ወደ መሐል አቅንቶ መቆም ሲገባው ካዘመመ ነገር አለ። ሌላም ዘዴ አለ። ነጭ ቀለም ይዛችሁ ከቸርኬው ጠርዝ እስከ ጎማው አንድ አጭር መስመር አስምሩ። ከቀናት በኋላ መስመሩ ለሁለት ተከፍሎ፣ ግማሹ ቸርኬው ላይ፣ ግማሹ ጎማው ላይ አንድ ጣት ያህል ፈቀቅ ብሎ ካገኛችሁት ጎማው እየተንሸራተተ ነው። ያን ጊዜ ንፋስ መጨመር ብቻ አይበቃም፤ ጎሚስታው ፈትቶ የውስጥ ጎማውን ይይላችሁ።

ስንት ይሁን ለምትሉ፣ ከ100 እስከ 150 ሲሲ ባሉት ሞተሮች የተለመደው ከፊት 25 ፒኤስአይ ገደማ፣ ከኋላ ብቻችሁን ስትሆኑ 28፣ ሰው ወይም ከባድ ዕቃ ስትጭኑ 32 ነው። የየራሳችሁ ሞተር ልክ መመሪያ መጽሐፉ ላይ አለ፤ ከእኔ ይልቅ እሱን እመኑ። ጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ጎማው የሚችለው ከፍተኛ ልክ ነው፤ እስከዚያ አትሙሉት። የጎሚስታው መለኪያ በባር ከሆነ 25 ማለት 1.7፣ 28 ማለት 1.9፣ 32 ማለት 2.2 ነው። በእግር ረገጥ አድርጎ «ደህና ነው» ማለት ይቅር፤ እግር 20ን ከ28 አይለይም። የምትለኩት ደግሞ ጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ ነው። ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲጨምር ንፋሱ ከ1 ፒኤስአይ በላይ ከፍ ይላል። ቀትር ላይ በዛ ብላችሁ ብታስተነፍሱት፣ ማታ የእንጦጦ ብርድ ሲመጣ ጎድሎ ይጠብቃችኋል።

የፊት ጎማ ሳትፈልጉትም ይነሳል። የዕቃ ሳጥኑ የሚቀመጠው ከወንበሩ በስተኋላ ስለሆነ በሞላ ቁጥር ፊቱ ይቀልላል። ከድልድዩ ሽቅብ በአንደኛ ማርሽ ፍሪሲዮኑን በድንገት ለቀቅ ብታደርጉት ፊቱ ብድግ ይላል። የኤሌክትሪክ ሞተር የያዛችሁ ይበልጥ ተጠንቀቁ፤ የእናንተ ጉልበት ገና ከቆመበት ጀምሮ ሙሉ ነው የሚመጣው። ሲነሳ ሰው ይደነግጥና እጀታውን ጨምቆ ወደ ኋላ ይለጠጣል፤ ያ ደግሞ ነዳጅ ይጨምራል። የፊት ፍሬን ያን ጊዜ ምንም አይሠራም፤ የያዘው ጎማ አየር ላይ ነው። ነዳጁን መልሱ፣ የኋላ ፍሬኑን ለስለስ አድርጋችሁ ርገጡ። ፊቱ ሲያርፍ መሪው ቀጥ ብሎ ይጠብቀው፤ ጠምዝዞ ካረፈ ይወረውራችኋል።

በአንድ ጎማ መንዳት መማር የምትፈልጉ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ወጣትነት ነው፣ አልፈርድም። የሚያውቅ አስተማሪ መጀመሪያ የሚያስለምዳችሁ ያንኑ የኋላ ፍሬን ነው። ቦታው ባለቤቱ የፈቀደው የተዘጋ ግቢ ይሁን፣ ሳጥኑ ይውረድ፣ ሄልሜት ይታሰር። የብዙ አገር ጥናቶች ተጠቃለው ሲታዩ ሄልሜት የሞተረኛን የሞት አደጋ በ42 በመቶ ገደማ ይቀንሳል፤ ክንድ ላይ የተንጠለጠለው አልተቆጠረም። ጃንሜዳ ቅርባችን ነው የምትሉ ደግሞ አላችሁ፤ እዚያ ሯጭ ይለማመዳል፣ ልጅ ኳስ ይጫወታል። አዲሱ የፒያሳና የአራት ኪሎ አስፋልት ማታ በመብራት ሲያበራ እንደሚጋብዝ አይቻለሁ፤ ከጎኑ ግን ሰው በቤተሰብ ሆኖ ይንሸራሸራል።

ሌላ የሚያሳስበኝም አለ። ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ በከተማችን ፈቃድ የሌለው ሞተር እንዳይንቀሳቀስ ሲታገድ፣ ምክንያቱ በሞተር የሚፈጸም ንጥቂያና ወንጀል ነበር። የነጠቁት ጥቂቶች ነበሩ፤ የቆመው ግን ያልነጠቁትም ሞተር ነው። በፈቃድ የተገኘ ሥራ በአንድ የማታ ቪዲዮ ምክንያት እንደገና ለወቀሳ ቢጋለጥ፣ ዕዳው ቪዲዮ ውስጥ ለሌለውም ይተርፋል።

ማስተንፈስ የምትወዱ፣ ቢያንስ አስተንፍሳችሁ አትደሩ። ከልምምዱ ስትመለሱ ቤት ሳትገቡ ሙሉት።

ሞተሮቻችሁ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ ጥላ ሥር ቆመዋል፤ ጎማቸው ቀዝቅዟል። መለኪያውን ይዣለሁ፣ መንፊያም አለ። ከበሩ አጠገብ ካሉት እንጀምር፤ የኋላውን አስቀድሙ።