የቦሌ መንገዱ ተኩስና የኪራይ ቤቶቻችን
(በነዋሪዎች ማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ባለፈው ስለ ቤት ኪራይ ስንነጋገር አንድ ወንድማችን ተነሥተው፣ «የውጭ አገር ሰው የሚባል በደጃችን አይለፍ!» ብለው ነበር። ተጨበጨበላቸው። እኔ ያን ዕለት ዝም አልኩ፤ ቤቴ ከገባሁ በኋላ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ስለዚህ ዛሬ ጥቂት ደቂቃ ስጡኝ።

ሰኔ 19 ቀን 1987 ዓ.ም. ሰኞ ጧት የሆነውን ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ለአፍሪካ አንድነት ድርጅት ጉባኤ የመጡት የግብፁ ፕሬዚዳንት ሆስኒ ሙባረክ ከአውሮፕላን ማረፊያው ወጥተው በቦሌ መንገድ ሲያልፉ አንድ መኪና መንገዱን ዘጋ፤ ወዲያው ክላሽንኮቭ ተንጣጣ። ሙባረክ ጥይት በማይበሳው መርሴዲስ ውስጥ ስለነበሩ ምንም ሳይሆኑ ተመልሰው በዚያው ካይሮ ገቡ። ሁለት ኢትዮጵያውያን ፖሊሶች ግን በጧት ከቤታቸው እንደወጡ ቀሩ። የሙባረክን ማምለጥ ዓለም ሁሉ አወራው፤ የእነዚያን የሁለቱን ስም ግን እዚህ ካለነው ማን ይጠራል? እኔም አልጠራም፤ አፍራለሁ።

ከአጥቂዎቹ ሁለቱ እዚያው ወደቁ። ከቀናት በኋላ ሦስቱ ተደብቀውበት በነበረው ቤት በተኩስ ልውውጥ ተገደሉ፤ ሌሎች ሦስት ተይዘው በመስከረም 1989 ሞት ተፈረደባቸው። ወደ ሱዳን አመለጡ የተባሉትን ሦስቱን ሱዳን እንድታስረክብ የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታ ምክር ቤት በጥር 1988 ጠየቀ፤ አልሆነም። በሚያዝያ ማዕቀብ ጣለባት፤ የተነሣላትም በመስከረም 1994 ነው። እንግዲህ አስቡት፣ በእኛ አስፋልት ላይ የተተኮሰ ጥይት ስንት ዓመት ሲያነታርክ እንደኖረ!

ለእኛ ግን ዋናው ነገር ቤቱ ነው። ሰዎቹ ከሰማይ አልወረዱም፤ ከተማችን ውስጥ ቪላ ተከራይተው፣ መሣሪያ አከማችተው ተቀምጠው ነበር። ጥቅምት 3 ቀን 2006 ዓ.ም.ም እንዲሁ፣ እዚሁ ቦሌ በኪራይ ቤት ውስጥ ቦምብ ፈንድቶ ሁለት የሶማሊያ ዜጎች ሞቱ። ዋልያዎቹ ከናይጄሪያ ጋር የተጫወቱበት እሑድ ነበር፤ ኳስ ሊያይ በወጣው ሕዝብ መካከል ሊያፈነዱት ነበር ተባለ።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ደግሞ በራሴ ልናገር። ግቢዬ ውስጥ ሦስት ልጆች ያሏት ሶማሌ ተከራይ ነበረችኝ። ኪራይ አሳልፋብኝ አታውቅም። በሳምንቱ፣ «ልጄ ከውጭ ሊመጣ ነው፣ ልቀቂልኝ» አልኳት። ውሸት ነበር። አየችኝና፣ «አባባ፣ እኔም እኮ የሸሸሁት እነሱኑ ነው» አለችኝ። ሌላ አልተናገረችም። ቁልፉን ለዘበኛው ሰጥታ ሄደች። ክፍሉ አራት ወር ጾሙን አደረ፤ ይበለኝ!

ታዲያ እኔ ቤት በመልክ አናከራይ እላለሁ እንጂ ዝም ብለን እናከራይ አልልም። የ1987ቱን ነገር የሠሩት ግብፃውያን ነበሩ፤ ነገ ደግሞ የማን ልጅ እንደሚሆን ማን ያውቃል? ውል በጽሑፍ ይሁን፤ የመታወቂያ ቅጂ ይያዝ፤ ወረዳው ይወቀው። ይኸም ለሁሉም ነው፤ ለሶማሌውም፣ ለአበሻውም፣ ለአክስት ልጅም ጭምር። «ዘመዴን እንዴት መታወቂያ እጠይቃለሁ?» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ጠይቁ፣ ቢቀየም ይቀየም።

መመዝገቢያው ቅጽ ማኅበሩ ቢሮ አለ። የመጀመሪያውን እኔ ሞልቼአለሁ። ያሁኖቹ ተከራዮቼ የጎጃም ልጆች ናቸው፤ እነሱም ፈርመዋል።