ከሞት ተርፎ ከኑሮ የቀረ ሰው የማን ዕዳ ነው?

(መቂ ላይ ለከተማው ነዋሪዎች ከተደረገ ንግግር)



አጎቴ ሽንኩርት ገበሬ ነው። ስትሮክ ሲመታው ነፍሱ ተረፈች፤ ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ ግን አልታዘዝ አሉ። ከሆስፒታል ሲወጣ የተነገረው «ክኒንህን ዋጥ፣ ጨው ቀንስ» ብቻ ነው። እንዴት እንደሚለብስ፣ እንዴት እንደሚታጠብ ያሳየው የለም። በግራ እጅ መብላት ነውር ነው ብሎ ከማዕድ ራቀ። ይኸው እስከ ዛሬ የልጁን ጉርሻ ይጠብቃል።

ለመሆኑ ይኼ ሰው ዳነ ይባላል?

ለዚህ የሚሆን ሙያ አለ። ኦኩፔሽናል ቴራፒ ይባላል። ፊዚዮቴራፒ ጡንቻና መገጣጠሚያን ያፍታታል፤ ይኼኛው ሰውየውን ወደ ኑሮው ይመልሳል። ሸሚዝ ሲለበስ መጀመሪያ የደከመው እጅ ይገባል፣ ሲወለቅ መጀመሪያ ጤነኛው ይወጣል። የማንኪያ እጀታ በጨርቅ ተጠቅልሎ ሲወፍር የላላ እጅም ይጨብጠዋል። መጸዳጃው አጠገብ መደገፊያ ይተከላል። ለፓርኪንሰንም፣ ለአከርካሪ ጉዳትም የየራሱ ዘዴ አለ። ይኼ ሚሊዮን ብር አይጠይቅም፤ የጠፋው የሚያሳይ ሰው ነው!

ሕጉስ ምን ይላል? በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን እንዲያቋቁምና እንዲረዳ ያዛል። በ2002 ዓ.ም. የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት ደግሞ የተሐድሶ አገልግሎት፣ ገጠርም ቢሆን፣ በተቻለ መጠን ለሰው ቅርብ ይሁን ይላል። ቃሉ ያምራል። ለአጎቴ ግን ላም አለኝ በሰማይ ነው!

ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲና ከማስተርካርድ ፋውንዴሽን ጋር ተባብሮ የአገሪቱን የመጀመሪያ የኦኩፔሽናል ቴራፒ የዲግሪ ትምህርት ከፍቷል። ይበል የሚያሰኝ ነው። ግን ተመራቂው የሥራ መደብ ካላገኘ ዲግሪው ግድግዳ ላይ ይቀራል።

ስለዚህ ሦስት ነገር እንጠይቃለን። አንደኛ፣ በአዳማና በባቱ ሆስፒታሎች ባለሙያ ይመደብ። ሁለተኛ፣ ባለሙያው በወር አንድ ቀን እንኳ መቂ ይምጣ፤ ግማሽ አካሉ የማይታዘዝን ሰው በሚኒባስ አጭቆ፣ በሞጆ አዙሮ አዳማ ማድረስ ሌላ ሕመም ነው። ሦስተኛ፣ ቤት ለቤት የሚዞሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቀላል ቀላሉን ዘዴ ይማሩ፤ ለቤተሰብም ያሳዩ።

እኛም ድርሻ አለን። በሽተኛን ከጓዳ አንደብቅ። በግራው የሚበላውን «ነውር» አንበለው።

ባለሥልጣኖቻችን ሆይ! ምጽዋት አልለመንንም፤ በሕግ የተጻፈውን ነው የጠየቅነው።