400 ቶኑ ክብደት እና የአንድ ተማሪ ጥያቄ

ዛሬ ከምማረው ትምህርት፣ ከሕንፃ ምህንድስና፣ አንድ ነገር ላጫውታችሁ። ሂሳብ የማትወዱም አትሽሹ፣ ቁጥሩ ጥቂት ነው።

ረጅም ሕንፃ ሁሉ በነፋስ ይወዛወዛል። ይሄ ጉድለት አይደለም። ችግሩ ምቱ ነው። ዥዋዥዌ ላይ ያለን ልጅ በሰዓቱ ትንሽ ትንሽ ከገፋችሁት ከፍ እያለ ይሄዳል አይደል? ነፋስም ሕንፃውን ሲያልፍ አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ እየተሽከረከረ ይላቀቃል። ያ ምት ከሕንፃው የራሱ ምት ጋር ከገጠመ ውዝዋዜው ያድጋል፣ ላይኛው ፎቅ ያለ ሰው ያጥወለውለዋል።

መፍትሔው ማስ ዳምፐር ይባላል። ሕንፃው አናት አካባቢ ከባድ ነገር ይቀመጥና ምቱ ከሕንፃው ምት ጋር ይስተካከላል። ሕንፃው ወደ አንድ ጎን ሲሄድ ክብደቱ ወደኋላ ይቀርና ይጎትተዋል። በመሃል ያለው እንደ መኪና ሾክ አብዞርበር የሚሠራ ዕቃ ጉልበቱን ወደ ሙቀት ይቀይረዋል። ታይዋን ውስጥ 508 ሜትር የሚረዝመው ታይፔ 101 ላይ 660 ቶን የሚመዝን የብረት ኳስ ተንጠልጥሏል፤ ጎብኚ ሁሉ ያየዋል።

እኔን የያዘኝ ግን የኒውዮርኩ ሲቲኮርፕ ሴንተር ታሪክ ነው። 59 ፎቅ ነው፣ በ1977 ተጠናቀቀ። ማዕዘኑ ላይ ቤተ ክርስቲያን ስለነበረ ትልልቆቹ ምሰሶዎች በማዕዘን ሳይሆን በየጎኑ መሃል ቆሙ። አናቱ ላይ 400 ቶን ኮንክሪት በስስ ዘይት ላይ ይንሸራተታል። የተሠራው ሰው እንዲመቸው ነበር።

በ1978 መሐንዲሱ ዊሊያም ለሜዥሪየ፣ እሱ እንደተናገረው፣ ስለ ምሰሶዎቹ አንድ ተማሪ ጠየቀው። እንደገና አሰላ። በማዕዘን በኩል የሚመጣው ነፋስ ከገመተው በላይ ሆኖ አገኘው። በዚያ ላይ በብየዳ መያያዝ የነበረበት ብረት በብሎን ታስሮ ነበር። በሱ ስሌት፣ ዳምፐሩ ካልሠራ፣ በአማካይ በ16 ዓመት አንዴ የሚመጣ ማዕበል ሕንፃውን ሊጥለው ይችላል። ዳምፐሩ ከሠራ 55 ዓመት ይሆናል። ዳምፐሩ ደግሞ በኤሌክትሪክ ነው የሚሠራው! በማዕበል ቀን መጀመሪያ የሚጠፋው ምንድነው? መብራት!

አስቡት፣ ለምቾት የተቀመጠው ዕቃ በአንድ ጊዜ የሰው ሕይወት ጠባቂ ሆነ። ለሜዥሪየ ዝም ማለት ይችል ነበር፤ ግን ለባለቤቶቹ ተናገረ። በያዮች ሌሊት ሌሊት እየገቡ መገጣጠሚያዎቹ ላይ ወፍራም ብረት በየዱ። መስከረም ላይ ኤላ የምትባል ማዕበል ስትቃረብ ሥራው ገና አላለቀም ነበር። ደግነቱ ወደ ባህሩ ዞረች። ሥር የሚኖረው ሕዝብ ግን ይሄን ሁሉ አላወቀም። ታሪኩ አደባባይ የወጣው በ1995 ነው።

መሐንዲሱ ለባለቤቶቹ መናገሩ ያስመሰግነዋል። ለጎረቤቶቹ አለመነገሩ ግን አይዋጥልኝም። በቤቱ የተኛ ሰው ላዩ ላይ ያለውን አደጋ የማወቅ መብት አለው።

ሌላው ነገር እኛን ይመለከታል። በእኛ ቤት ትልቅ ሰው ሲናገር ዝም ማለት ክብር ነው፣ እኔም በዚያ ነው ያደግኩት። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ግን ዝም ያለ የገባው ይመስላል። ትልቅን ማክበርና መጠየቅ አይጣሉም፤ «ይቅርታ፣ ይሄ እንዴት ይቆማል?» ማለት ድፍረት አይደለም። ክፍል ውስጥ እጃችሁን አንሱ።