ነጩ የባሕር አበባ፦ ከቢሉ ሴንተር እስከ አያቴ ሳሎን

ዛሬ ስለ ሥራም ስለ ጦር ሠራዊትም አላወራም። ስለ አንድ የታመመ እንስሳ ነው የማወራው። አትሳቁ፣ እስከ መጨረሻው ስሙኝ።

በነሐሴ፣ ያ ሁሉ ሙቀት በነበረ ጊዜ፣ ቢሉ ሴንተር ሄድኩ። የረሖቮት ልጆች ታውቁታላችሁ፤ አርብ ጠዋት መኪና ማቆሚያ ማግኘት ራሱ ሥራ ነው። የሄድኩት ለአያቴ ቬንቲሌተር ልገዛ ነበር። በዚያው የዓሣ መሸጫ ገባሁ። ቤት ውስጥ የጨው ውሃ አኳሪየም ካቆምኩ አንድ ዓመት ሆኖኝ ነበርና እግሬ ወደዚያ ይስበኛል። እዚያ ሾሻናት ያም አየሁ። በአማርኛ የባሕር አበባ እንበላት። አበባ ግን አይደለችም፣ እንስሳ ናት። አፍ አላት፣ በእግሯ ድንጋይ ትይዛለች፣ በጣቶቿ እየነደፈች ታድናለች። ይቺኛዋ እንደ ነጠላ ነጭ ነበረች። እንዴት ታምራለች ብዬ ገዛኋት። ሻጩን አንድም ነገር አልጠየቅሁትም። ጥፋቱ የራሴ ነው።

ማታ ሳነብ ነው የገባኝ። ንጣቷ ውበት ሳይሆን ረሃብ ነበር። በጤናዋ ጊዜ ሥጋዋ ውስጥ በዓይን የማይታዩ ቡናማ አልጌዎች ይኖራሉ። እነሱ ከብርሃን ምግብ ሠርተው ያካፍሏታል፣ እሷ ደግሞ መጠለያ ትሆናቸዋለች። ውሃው ሲሞቅ ወይም ሲበላሽ፣ ብርሃኑም ከልክ ሲያልፍ አልጌዎቹ ይወጡባታል። በዓለም ባሕሮች ኮራል ነጣ ሲባል የምትሰሙት ይኸው ነው።

እኔም ደነገጥኩ፣ መነካካት ጀመርኩ። መብራቱን እስከ መጨረሻው ከፈትኩት። ውሃው 29 ዲግሪ ሲደርስ ለአያቴ የገዛሁትን ቬንቲሌተር አኳሪየሙ ላይ አዞርኩት። ሙቀቱ ወደ 26 ወረደ፣ ግን ውሃው ይተን ጀመር። የጎደለውን በጨው ውሃ ሞላሁት። ይሄ ትልቅ ስህተት ነው! የሚተነው ውሃው ብቻ ነው፣ ጨው እዚያው ይቀራል። መሙላት ያለብኝ በተጣራ ጨው አልባ ውሃ ነበር። 1.025 መሆን የነበረበት የጨው መጠን 1.030 ደረሰ፣ እሷም ተጨማደደች።

አያቴ ሶፋው ላይ ሆነው ሲያዩኝ ቆዩና፣ «አንተ ልጅ፣ የታመመ ሰው አልጋው በየሰዓቱ ይነቀነቃል እንዴ? ተዋት ትረፍ» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ከዚያ በኋላ ሁሉንም ቀስ አደረግሁ። ጨዉን በአንድ ቀን ሳይሆን በጥቂት ቀናት አወረድኩ። በየሳምንቱ አንድ አሥረኛውን ውሃ ብቻ ቀየርኩ። መብራቱን አደብዝዤ በሻዓን ሻባት አሰርኩት፣ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ጨመርኩ። የፓምፑን አፍ በስፖንጅ ሸፈንኩ፣ ምክንያቱም የባሕር አበባ ቦታዋ ካልተመቻት ትሄዳለች፣ ፓምፕም ይስባታል።

ምግብስ? ሰው ሁሉ ሽሪምፕ ስጣት ይላል። ሽሪምፕ በአያቴ ፍሪዘር? አይታሰብም! ክንፍና ቅርፊት ያለው ዓሣ ገዛሁ፣ እሱም ይሆናታል። የግማሽ ሽንብራ ያህል፣ በሳምንት ሁለቴ። ትልቅ ከሰጠኋት ትተፋዋለች፤ የተፋችውን ቶሎ ካላወጣሁት ውሃውን ያበላሻል።

አንድ ማታ አፏ ተከፍቶ ተዝለፍልፋ አገኘኋት። ሞተች አልኩ። የሞተች እንደሆነ በፍጥነት መውጣት አለባት፣ ስትበሰብስ የሚወጣው አሞኒያ ዓሣዎቹንም ይጨርሳል። ማወቂያው ሽታና እግር ነው። ከሸተተች፣ ስትነካም ከፈረሰች አበቃ። እጄን ሰደድኩ። አልሸተተችም፣ እግሯም ድንጋዩን አልለቀቀም። ተውኳት።

የዚያን ማታ አያቴ አልተኙም። አጠገቤ ተቀመጡና «አገሯ ወዴት ነው?» አሉኝ። ይቺኛዋ እርባታ ውስጥ የተባዛች ናት፤ ከኤይላት ባሕር መልቀም በሕግ ክልክል ነው። ዘሯ ግን ቀይ ባሕር ውስጥ ይኖራል አልኳቸው።

ዝም አሉ። ከዚያ ስለ ጀልባው ነገሩኝ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሞሳድ በሱዳን ዳርቻ፣ አሩስ በሚባል ቦታ፣ የጠላቂ ቱሪስቶች መዝናኛ መስሎ ይሠራ እንደነበር ሰምታችኋል። ቀን ቱሪስት ያስተናግዳሉ፣ ሌሊት የእኛን ሰዎች በጀልባ ወደ ባሕር ኃይል መርከብ ያሻግራሉ። አያቴ ከእነዚያ አንዷ ናቸው። ስለ ጎንደርና ስለ ሱዳኑ ካምፕ ብዙ ጊዜ አውርተውኛል፣ ስለ ጀልባው ግን በጭራሽ። «መርከቡ ላይ አንድ ወታደር ውሃ አጠጣኝ። ጥም ሊገለኝ ነበር፣ እሱ ግን ትንሽ ትንሽ ነው የሰጠኝ። ተናድጄበት ነበር» አሉና ሳቁ።

ይሄ ከሆነ ሦስት ወር አለፈ። አሁን ከጣቶቿ ሥር ቡናማ ቀለም ይታያል። ድናለች አልልም፣ እየዳነች ነው። ቬንቲሌተሩ አሁንም አኳሪየሙ ላይ ነው፤ ለአያቴ ሌላ ገዛሁ።

መግዛት የምታስቡ ካላችሁ፣ ነጯን አትምረጡ። መብላቷን ጠይቁ፣ እግሯ መያዙን እዩ። አኳሪየማችሁ ቢያንስ ስድስት ወር ይሙላው። ደግሞ አያት ያላችሁ፣ እንዴት እንደመጡ አንድ ጥያቄ ጨምራችሁ ጠይቁ። የእኔ ያልነገሩኝ ስላልጠየቅኋቸው ነበር።

እስከ ሚቀጥለው ድረስ ሰላም ሁኑ፣ ሻባት ሻሎም።