ቆላ፣ ቆሎ፣ አልካሊ



ከጣርማበር ደጋ ደብረ ሲናን አልፈን ሸዋ ሮቢት ስንወርድ «ቆላ ገባን» እንላለን። ገብስ የጠበሰ ሰውም «ቆላ» ነው የሚባለው፤ ድምፁ አንድ፣ ፍቺው ለየቅል። ከመቁላት ቆሎ መጣ፣ ከቆሎም «የቆሎ ተማሪ»። የመቁላት ዘመድ በዐረብኛም አለ፤ «ቀላ» ይሉታል። ከዚያ ግንድ፣ ከተቃጠለ ተክል አመድ ስም፣ በኬሚስትሪ ክፍል የሸመደድነው የእንግሊዝኛው «አልካሊ» ወጣ።

ታዲያ «ይፋት ቆላ ተመደብክ» ሲባል ተመራቂው የሚሰማው ሙቀትና ወባ ብቻ ነው። ማሾውና ሽንኩርቱ የሚበቅለውም እኮ እዚያው ነው፤ ገበሬውም ባለሙያ ይፈልጋል። እባካችሁ መምህራን፣ ልጆቹን ስትሸኙ ይህንንም ፍቺ ንገሩልን።