ስለ አሮጌ ትናንሽ አይሮፕላኖች የአየር ማስገቢያ ጥገና
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል የተደረገ ንግግር)



በሽሮ ሜዳ የምንኖር ሁሉ ከእንጦጦ የሚወርደውን ነፋስ እናውቀዋለን። በብርድ ሌሊት ከሰል በቤት ውስጥ ይነድዳል፤ የበሩና የመስኮቱ ቀዳዳም በአሮጌ ጨርቅ ይወተፋል። እንዲህ ባለ ቤት ተኝተው ሳይነቁ ስለ ቀሩ ሰዎች ያልሰማ በመካከላችን የሚገኝ አይመስለኝም። የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ ጋዝ ነው፤ ይኸውም ቀለምም ሽታም የለውም። የዛሬው ንግግሬ ስለ አይሮፕላን ነው፤ ነገር ግን ጨርቁም ጋዙም እዚያ ይገኛሉ።

ትናንሽ አይሮፕላኖች ለአገራችን እንግዳ አይደሉም። በ1939 ዓ.ም. ስዊድናዊው ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን «ሳፊር» በተባለች ባለ አንድ ሞተር አይሮፕላን ከስቶክሆልም ተነሥቶ 6,220 ኪሎ ሜትር በሙሉ ሳያርፍ አዲስ አበባ ገባ። ጉዞው 30 ሰዓት ከ52 ደቂቃ ፈጀ። እንደዚህች ያሉ ሳፊሮች በቢሾፍቱ የአየር ኃይል ተማሪዎች መማሪያ ሆነው ነበር። ያን ያህል ሰዓት በዚያች ጠባብ ክፍል ምን ዓይነት አየር ሲተነፍስ ቈይቶ ይሆን እያልሁ አስባለሁ።

ጥገናውን ግን በብዙ አገር በሚታወቀው በአሮጌው ሴስና ላይ ላስረዳ። በክንፉ የፊት ጠርዝ ላይ ቀዳዳ አለ፤ አይሮፕላኑ ሲበር ነፋሱ ራሱ ይገባበታል። ከፊተኛው መስተዋት በላይ በግራና በቀኝ ማዕዘን አጭር ቱቦ ይገኛል፤ አብራሪው ሲስበው አየር ይገባል፤ ሲገፋው ይዘጋል። ዘመን ሲቈጠር በቱቦው ዙሪያ ያለው ማጥበቂያ ቀለበት ይሳሳል፤ ቱቦው ቢዘጋም ብርዱ እያፏጨ ይገባል። አዲስ አበባ ራሷ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ከዚያ ወዲያ በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ 6.5 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ አብራሪው ቀዳዳውን በጨርቅ ይወትፍና ማሞቂያውን ይከፍታል።

አደጋው ከዚህ ይመጣል። ማሞቂያው አየሩን የሚያሞቀው በሞተሩ ማርሚታ ዙሪያ እያሳለፈ ነው። ማርሚታው ቢሰነጠቅ የሞተሩ ጭስ ከሙቀቱ ጋር አብሮ ይገባል። ይህ ጋዝ ከደም ጋር ሲጣበቅ ከኦክሲጅን ከ200 ጊዜ በላይ ይበረታል፤ በከፍታ ላይ ደግሞ ኦክሲጅኑ አስቀድሞ ያነሰ ነው። ራስ ምታትና ድብታ የጀመረው አብራሪ ማሞቂያውን ዘግቶ፣ አየር ማስገቢያውን ከፍቶ፣ ፈጥኖ ማረፍ ይገባዋል። የተወተፈውን ግን በምን ይከፍተዋል?

ጥገናው ትዕግሥት እንጂ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ባለቤቱ ፈቃድ ያለው መካኒክ እያየው በገዛ እጁ ሊሠራው ይችላል። ቱቦውን አውጥቶ ያጸዳል፤ የክንፉንም ቀዳዳ ይመረምራል፤ አይሮፕላኑ ቆሞ ከሰነበተ ተርብ በጭቃ ደፍኖት ይሆናልና። የደረቀውን ሙጫ በአልኮል ጠርጎ አዲስ ቀለበት ያለብሳል። ቀለበቱ በብዙዎቹ ላይ ከተጠቀጠቀ የበግ ጠጉር የተሠራ ነው፤ በርኖስ ያየ ሰው ይገባዋል። ውፍረቱ እንደ ቀድሞው ይሁን፤ ከበዛ ፕላስቲኩን ይሰነጥቃል፤ ካነሰ ያፈሳል። ከቱቦው በስተኋላ ያለው ተጣጣፊ መተላለፊያም ከተቀደደ ይለወጣል እንጂ አይጠገንም።

ለመፈተን በክንፉ ፊት ቬንቲሌተር አቁሞ፣ በተዘጋው ቱቦ አፍ ላይ አንድ የጥጥ ፈትል ማንጠልጠል ነው፤ ፈትል በሽሮ ሜዳ አይቸግርም። ፈትሉ ከተንቀጠቀጠ ሥራው አላለቀም። ቀጥሎ መካኒኩ ማርሚታውን መርምሮ በአይሮፕላኑ መዝገብ ላይ ይፈርማል። ጋዙ ሲነካት የምትጠቁረውም ትንሽ ካርድ አብራሪው በሚያያት ቦታ ትለጠፋለች፤ ቀኗ ሲያልፍ ግን ስለማትሠራ ትለወጣለች።