ከምግብና ከመጠለያ ባሻገር
(በሕፃናት ማሳደጊያ ስለሚሰጥ አያያዝና ስለ ሠራተኞች ሥልጠና የተደረገ ንግግር)



እንደሚታወቀው በ1977 ዓ.ም. በደረሰው ድርቅ በወሎና በትግራይ አያሌ ሕፃናት ወላጆቻቸውን በሞት አጥተዋል። እስከ 1978 ዓ.ም. ድረስ ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ ከሰሜን ወደ ምዕራብና ወደ ደቡብ ምዕራብ እንዲሰፍር ሲደረግም፣ በየመጠለያውና በየጉዞው ከቤተሰቡ የተለየ ልጅ ነበር። ሕፃናቱን የተቀበሉት ማሳደጊያዎች አስቀድሞ የተጠየቁት ምግብ፣ ብርድ ልብስና መድኃኒት ነው፤ ነፍስ ማዳን ይቀድማልና። ይሁን እንጂ ከሞት የተረፈ ሕፃን ማደግም ይኖርበታል።

የማሳደጊያ የመጀመሪያ ግዴታ መዝገብ ነው። የልጁ፣ የአባቱና የእናቱ ስም፣ የመጣበት ቀበሌ፣ የተገኘበት ቦታና ቀን፣ አብሮት የነበረው ሰው ማንነት በገባበት ዕለት መጻፍ አለበት። ትንሽ ልጅ የመንደሩን ስም ፈጥኖ ይረሳል። መዝገብ ከሌለ እናቱ በሕይወት እያለች ወላጅ እንደሌለው ተቆጥሮ ያድጋል።

ሁለተኛው የሠራተኛው ችሎታ ነው። በኤርትራ በሁለት ማሳደጊያዎች በሚኖሩ ልጆች ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመ ጥናት ይህንኑ ያስረዳል። በአንደኛው ውሳኔው ሁሉ የኃላፊው ነበር፤ የዕለቱ ኑሮ በጥብቅ ደንብ ይመራል፣ ሠራተኛውና ልጁም አይቀራረቡም። በሌላው ግን ሠራተኞቹ በሙሉ በልጆቹ ጉዳይ ይመክራሉ፤ ልጆቹም ከእነርሱ ጋር ተቀራርበው ራሳቸውን መቻል ይማራሉ። በኋለኛው የሚኖሩት ልጆች ያሳዩት የመንፈስ ጭንቀት ምልክት በጉልህ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል።

በመሆኑም ሥልጠና ለኃላፊዎች ብቻ የሚሰጥ መሆን የለበትም። ሌሊቱን ከልጆቹ ጋር የምታድረው ሞግዚት ከሁሉ አስቀድማ ልትሠለጥን ይገባል። እንጀራ ከትራስ ሥር የሚደብቅ ልጅ ሌባ ሳይሆን ረሃብን ያየ መሆኑን፣ መኝታውን የሚያረጥብም ቅጣት ሳይሆን ማጽናኛ እንደሚሻ ማወቅ ይኖርባታል። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናት በማሳደጊያ ተቋሞች ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ደንግጓል። እያንዳንዱ ልጅ የሚያውቃት፣ በየጊዜው የማትለዋወጥ አንዲት አሳዳጊ እንድትኖረውም የሥራው ድልድል ከወዲሁ መታሰብ አለበት።

የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2009 ያጸደቀው መመሪያ ድህነት ብቻውን ልጅን ከቤተሰቡ ለመለየት ምክንያት እንዳይሆን፣ ወንድማማቾችና እኅትማማቾችም በመሠረቱ እንዳይነጣጠሉ ያሳስባል። አንድ እፍኝ እህል ያጣች እናት ልጇን ለማሳደጊያ ከምትሰጥ፣ እህሉ ከቤቷ ቢደርስላት ይሻላል።

ስለዚህ አንድ ማሳደጊያ ሲጎበኝ የአልጋው ብዛት ብቻ አይቆጠር። ስንት ልጆች ወደ ዘመዶቻቸው እንደተመለሱ ይጠየቅ፤ ከቀሩትም አንዱ ተጠርቶ፣ ሲታመም ማን አጠገቡ እንደሚቀመጥ ይጠየቅ። ልጁ ሳያመነታ ስም ከጠራ፣ በዚያ ቤት አያያዝ አለ ማለት ነው።